ሲወጡ አምስት፣ ሲወርዱ ሰባት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ አንድ የዶርዜ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢውን ወደድኩት። ሰዓቱን ግን እስካሁን አልሰቀልኩትም፤ ዕድሜ ልካቸውን "ቶሎ በል፣ ረፈደ" ሲሉኝ ከኖሩ ሰዎች ሰዓት መቀበል ሽሙጥ መስሎኝ ነው። በሽኝቱ ላይ አንዲት ባልደረባችን ማይክራፎኑን አስጠግታ "ጋሽ ታደሰ፣ በሥራ ዘመንዎ ዋናው ሥራዎ ምን ነበር?" ብትለኝ "ማቆም" አልኳት። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ያን ሳቅ ሰምቼ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሹፌር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ወጣትነቴን በጭነት መኪና ላይ ጨርሼ፣ ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ቢሮው ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ የተከራየሁት ቤት ታችኛው ከተማ ሲቀላ። ስለ ደመወዙ ባናነሳ ይሻላል። ስለ መኪና መውጫ ፈቃዱም እንዲሁ፤ ሦስት ሰው ሳይፈርም ጎማ ንቅንቅ አይልም ነበር። ሥራዬ እንግዳ ማመላለስ ነው። እንግዳ ደግሞ ስብሰባው እንዳለቀ "ዶርዜን ሳላይ አልመለስም" ይላል። ያኔ ከከተማ ወጥቼ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥዬ፣ በዶርዜ አድርጎ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ኮረኮንች እይዛለሁ።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ታች ሙዝና ወበቅ ነው፤ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ትንሽ እንደ ወጡ አየሩ ይለወጣል፣ ላይ ሲደርሱ ቀርከሃና እንሰት፣ ጉምና ብርድ ይቀበላል፤ ልብስ ያልደረበ እንግዳ ጥርሱ ይንገጫገጫል። በመካከሉ ያለው ሁሉ ጥምዝ ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ቀላ ያለው ዓባያ፣ ራቅ ብሎ ሰማያዊው ጫሞ፣ በሁለቱ መካከል የእግዜር ድልድይ የሚሉት ተረተር። እንግዳ ይህን ሲያይ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ለሹፌር ግን አፍ የሚከፈትበት መንገድ አይደለም።

አለቆቼም በዚህ መንገድ ላይ ነው አመላቸው የሚታወቀው። አንዱ ከመገንጠያው ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነው "ደረስን?" እያሉ ይወጡ ነበር። ሌላው እግራቸው ሥር ፍሬን ያለ ይመስል በየጥምዙ የመኪናውን ወለል ይረግጣሉ፤ ማታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ።

መንገዱን ያስተማሩኝ ጋሽ ሻንካ ናቸው። የዶርዜ ተወላጅ፣ የመሥሪያ ቤታችን አንጋፋ ሹፌር፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። በመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣

"ከጭነት ነው አይደል የመጣኸው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው መሄድ ታውቃለህ። እዚህ የምትማረው ማቆም ነው። ሲወጡ አምስት፣ ሲወርዱ ሰባት።"

ሲወጡ አምስት ጊዜ የሚቆመው ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው። ይሄ ለማንም ሹፌር አዲስ አይደለም። ምስጢሩ ያለው መውረዱ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ መኪናችን ያረጀ ነበር። ሰው ሞልቶ፣ በከባድ ማርሽ እንኳ እየወረደ፣ ፍሬን በተነካ ቁጥር ይግላል። ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ጋሽ ሻንካ በየማቆሚያው ወርደው በአራቱም ጎማ ይዞራሉ፣ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቸርኬው ያስጠጋሉ። "መዳፍ ይዋሻል፣ በሥራ ደንድኗል። የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም" ይሉኝ ነበር። የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ያን ጊዜ ሹፌሩ ዘግይቷል።

ለማቀዝቀዝ የሚበቃውን ጊዜ በሰዓት አይለኩም። ሁልጊዜ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የተቆረጠ ሙዝ መኪና ውስጥ አይጠፋም፤ ልኩ ሁለት ሙዝ ቀስ ተብሎ እስኪበላ ነው። ለእንግዳም ያድላሉ። እንግዳው ግን ፍሬን ስለ መጋሉ አንዲት ቃል አይሰማም። "የፈራ እንግዳ ሹፌሩን ያስፈራል" ይላሉ ጋሽ ሻንካ። "እዚህ ጋ ለፎቶ ያምራል" ብለው ነው የሚያወርዱት። ዛሬ አስጎብኚዎች ምርጥ የዕይታ ቦታ እያሉ ከሚያቆሙባቸው ግማሾቹ የጋሽ ሻንካ ፍሬን ማቀዝቀዣዎች ናቸው። ይህን ስል አንዳንድ አስጎብኚ ይቀየመኛል። ይቀየም።

ከሰባቱ አንዱ ብቻ ለፎቶ አያምርም፣ አምስተኛው። ሐይቁን ጥምዙ ይሸፍነዋል። ያለው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ገበያ የሚወጡና የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ያሳርፉበታል፣ ስለዚህ ማሳረፊያ እንለዋለን። እንግዳ "እዚህ ምን አለ?" ሲል ጋሽ ሻንካ መልስ አይሰጡም፤ ከሴቶቹ ጋር በጋሞኛ እያወሩ ሙዛቸውን ይልጣሉ። ሌላም ትእዛዝ ነበራቸው። "ፍሬን እምቢ ካለህ ወደ ተራራው አስጠጋ። ግን መጀመሪያ ክላክስ። ገደሉ በኩል ሰው የለም፣ ተራራው በኩል ሰው ይሄዳል።" ስንት ጊዜ እንደ ደጋገሙልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ዶርዜ ገቡ፣ መኪናው የእኔ ሆነ። ጥቂት ዓመት ሁሉንም እንዳሉኝ አደረግሁ።

አንድ ሰኞ፣ የዶርዜ ገበያ ቀን፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ኃላፊ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ይዤ ወጣሁ። ሸማኔዎቹ ቤት ቆዩ፣ ከቀርከሃ የተሠራውን የዶርዜ ቤት እየዞሩ ሲያዩ ቆዩ። በአሥር ሰዓት ጫሞ ላይ ጀልባ ይጠብቃቸዋል። ለመውረድ ስንነሳ "ታደሰ፣ ጀልባዋ ጥላን እንዳትሄድ" አሉኝ። ያሉት ይህን ብቻ ነው። በሳቸው ላይ ለማላከክ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ መሪው በእኔ እጅ ነበር። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱን ሐይቆች ፎቶ አንስተው ወዲያው ገቡ፣ እኔም ሙዝ ሳልነካ ተነሳሁ። አራተኛውን አለፍኩት። ማርሹንም አቀለልኩ፣ ቶሎ ለመድረስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሽታው መጣ። "አምስተኛው ላይ እቆማለሁ" አልኩ በልቤ። ከማሳረፊያው በላይ ያለው ጥምዝ ላይ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ማርሹን ላከብድ ብል ጥርሱ ተንጫጫ እንጂ አልገባም። ወደ ተራራው አስጠጋሁ። መኪናው የተራራውን አፈር እየፋቀ ሄደ፣ ቦዩን ዘለለ፣ ማሳረፊያው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ተንገጫገጩ እንጂ አልተጎዱም። ክላክስ እንዳላደረግሁ ያወቅሁት የሴቶቹን ጩኸት ስሰማ ነው።

ድንጋዩ ሥር አንዲት ሴት ወድቀዋል። ከገበያ የገዙት ጥጥ መንገዱ ላይ ተበትኗል። እትዬ ዳምነሽ ይባላሉ፣ ፈታይ ናቸው፤ ከጋሽ ሻንካ ጋር ሲያወሩ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የመኪናው ጥግ ጭናቸውን ሰብሮታል። ከኋላ በመጣ ፒክአፕ ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እኔ መኪናው አጠገብ ቀረሁ። ወንድሞቻቸውና ከገበያ የሚመለሰው ሰው እየሮጠ ወደ እኔ ሲመጣ፣ አንድ ሽማግሌ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭተው በእኔና በእነሱ መካከል መሬት ላይ አኖሩት። ከሣሩ ወዲህ አንድም ሰው አልተሻገረም። በጋሞ እርጥብ ሣር ከተጣለ ጠብ ይቆማል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ቅጽ ተሰጠኝ። "የአደጋው ምክንያት" በሚለው ፊት ለፊት "ፍሬን በጠሰ" ብዬ ጻፍኩ። ሹፌር ሁሉ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ በዚህ ቃል ማንም አይከሰስም። መካኒኩ መኪናውን አይቶ "የፍሬን ሸራው ነዷል እንጂ የተበጠሰ ነገር የለም" አለኝ። ቅጹን የተቀበሉኝ አለቃ ደግሞ "እንዲሁ ይሁን፣ ለሁላችንም ይሻላል" አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው ይሄው ነው።

እትዬ ዳምነሽ እግራቸው ታስሮ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ጋሽ ሻንካ ሲቀላ ድረስ መጡ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልጠጡም።

"ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ይፈልጉሃል" አሉኝ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው።

"ፖሊስ ይዞታል እኮ ጋሼ።"

"ፖሊስ የፖሊሱን ይያዝ። እነሱ ካሳም አይደለም የፈለጉት። እዚያ ስትቆም ግን የሆነውን ብቻ ነው የምትናገረው። ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው፤ ነውሩ አንተ ላይ ብቻ አይቀርም፣ በምድሩ ሁሉ ላይ ይመጣል።"

ሄድኩ። ጉም ነበር። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፣ እትዬ ዳምነሽን በቃሬዛ አምጥተው ዳር አድርገዋቸዋል። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ጋሽ ሻንካ ወደ ጋሞኛ ይተረጉማሉ።

"ስወርድ ፍሬን በጠሰብኝ" አልኩ።

ጋሽ ሻንካ ቃል በቃል ተረጎሙት። እኒያ ሣር የጣሉት ሽማግሌ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ማን በጠሰው? ይላሉ።"

"ማንም አልበጠሰውም። በአማርኛ እንዲህ ነው የሚባለው፤ በራሱ ነው።"

ሽማግሌው አጎንብሰው አሰቡና በዝግታ ተናገሩ።

"በራሱ የሚበጠስ ነገር የለም ይላሉ" አሉ ጋሽ ሻንካ። "ገመድም ቢሆን የጎተተው አለ።"

ያኔ እትዬ ዳምነሽ ከቃሬዛቸው ላይ፣ ሳይጠየቁ፣ በራሳቸው አማርኛ ተናገሩ። አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል፤ ያን ዕለት ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ሌላ መኪና ቢሆን እሸሻለሁ። ያንቺ መኪና መሆኑን አየሁ። ያንቺ መኪና ሁልጊዜ እዚህ ይቆማል። ሊቆም ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።"

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያዘንኩት ለእግራቸው ነበር። ከእግራቸው ሌላ የሰበርኩት ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። መንጃ ፈቃዴም ሥራዬም በቀጣዩ ቃሌ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ አውቃለሁ፤ የምናገረው እዚያው እንደማይቀር አውቃለሁ። ቢሆንም ቆረጥኩ።

"እኔ ነኝ የበጠስኩት" አልኩ። "መቆም የነበረብኝ ቦታ አልቆምኩም። ሽታው ሲመጣም አልቆምኩም። ክላክስም አላደረግሁም።"

ጋሽ ሻንካ አዩኝ፣ ከዚያ ተረጎሙት። ሽማግሌው የዕርቅ ሣር ነጭተው ግማሹን ለእትዬ ዳምነሽ፣ ግማሹን ለእኔ አስያዙን። በማግስቱ ሴቻ ወጥቼ ቅጹን አስለወጥኩ። አለቃው "አብደሃል?" አሉኝ። ፍርድ ቤት ቀጣኝ፣ መንጃ ፈቃዴ ታገደ፣ መሥሪያ ቤቱ መለዋወጫ ዕቃ ክፍል አስገባኝ። ባለቤቴ ሳትቀር "ዝም ብትል ምን ነበረበት?" አለች። አልተጣላኋትም።

መለዋወጫ ክፍል ተቀምጬ አንድ ነገር ወሰንኩ። ያን መንገድ ሳልመለስበት ጡረታ አልወጣም። በሚኒባስ ዶርዜ እየወጣሁ፣ እሑድ እሑድ በእግሬ እወርደው ጀመር። ሰባቱም ጋ እቆማለሁ፣ ሙዜን እበላለሁ። በመሪ ያላየሁትን በእግሬ አየሁት፤ ሰው የት እንደሚሻገር፣ ከብት የት እንደሚወርድ፣ ጉሙ በየትኛው ጥምዝ ቀድሞ እንደሚቀመጥ። የሚያውቁኝ ሹፌሮች በመስኮት "ታዴ፣ ነዳጅ አለቀብህ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እገዳው አልቆ ፈተናውን ዳግም ሳልፍ አዲሱ አለቃችን "ወደ ጨንቻ አንልክህም" አሉ። ማመልከቻ ጻፍኩ። እንደገና ጻፍኩ። ሦስተኛውን ሲያዩ "ይሄን ሰው አንድ ጊዜ ልካችሁ አሳርፉኝ" አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድም ማቆሚያ አልዘለልኩም። ዝናብ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ አውሮፕላን ነው ሲሉኝ "ይበርሩ፣ እኔ እወርዳለሁ" እያልኩ ቆምኩ። ግትር፣ ዘገምተኛ ተባልኩ፤ እውነታቸውን ነው። ጋሽ ሻንካ ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛ ጭኜ ወጥቼ፣ ስመለስ እያለቀስኩም ቢሆን ሰባቱም ላይ ቆምኩ።

እትዬ ዳምነሽ እግራቸው ድኖ፣ እያነከሱም ቢሆን ገበያ ይወጣሉ። ማሳረፊያው ላይ ሳገኛቸው ሰላም እንባባላለን፣ ሙዝ እሰጣለሁ፣ ይቀበላሉ። "እትዬ፣ ግቡ ላድርስዎት" እላለሁ። "እግር አለኝ" ብለው ጥጣቸውን ያነሳሉ። በመኪና ከሆስፒታል መልስ ወዲህ ተሳፍረው አያውቁም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ መልሳቸው ያው ነበር። እኔም መጠየቄን አልተውኩም።

የመጨረሻ ጉዞዬ ቦታዬን ለተረከበችው ለሰላማዊት መንገዱን ማሳየት ነበር። የሴቻ ልጅ ናት፣ ለብዙ ዓመት ውሃ ቁፋሮ ላይ ቦቴ የነዳች፣ እጇ የረጋ፣ ምላሷ የሰላ። መኪናው አዲስ ነው፤ መሪው በእሷ እጅ፣ እኔ ጎኗ። ስንወርድ በየማቆሚያው ሁለት ሁለት ሙዝ በላን፤ አራተኛው ላይ ወርዳ የእጇን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጋች።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ እኮ ለብ እንኳ አላለም። የዛሬ ፍሬን እንደ ድሮው አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን እንቆማለን?"

"አምስተኛው ላይ እነግርሻለሁ።"

አምስተኛው ላይ እትዬ ዳምነሽ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ሰላማዊት ስታቆም አልተነሱም፣ አልደነገጡም። ወርጄ ጎናቸው ተቀመጥኩ፣ ሙዙን ላጥኩላቸው።

"እትዬ፣ የእኔ ነገር ዛሬ አለቀ። ጡረታ ነው። ከነገ ጀምሮ የምትነዳው እሷ ናት።"

ሰላማዊትን ከእግር እስከ ራሷ አይዋት። ሙዛቸውን አኝከው ጨረሱ።

"ይቺ ልጅ እዚህ ይቆማል?" አሉኝ።

ልመልስ አፌን ከፈትኩ፣ መልሱ ግን የእኔ አልነበረም። ሰላማዊት እኔን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ የእትዬ ዳምነሽን የተጣመመ እግር አየች። ስለ አደጋው ገና ምንም አልነገርኳትም። መጥታ ፊታቸው ቁጭ አለች።

"እቆማለሁ እማማ።"

"ባዶ ቢሆንስ? ሰው ባይኖርስ?"

"ባዶም ቢሆን እቆማለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

ሰላማዊት ትንሽ አሰበችና "ሁለት ሙዝ ያህል" አለች።

እትዬ ዳምነሽ ሳቁ። ጥጣቸውን አንስተው እኔ ጭን ላይ አደረጉት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ወደ መኪናው ሄደው የፊቱን በር ለመክፈት እጀታውን ይፈልጉ ጀመር። ሰላማዊት ሮጣ ከፈተችላቸው። እኔ ጥጡን አቅፌ ከኋላ ገባሁ። በዚያ መንገድ ስወርድ ከኋላ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሐይቁንም አፌን ከፍቼ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስድስተኛው ስንደርስ ምንም ሳልናገር ሰላማዊት ዳር ይዛ ቆመች።